ቄጠማ ያበቀለ ግድግዳ

ጥር 5 ቀን 1955

እሑድ። ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም እኔ ጨፌ ተሳልሜ መጣሁ። ቦጋለ «ቦታችንን ላሳይሽ» ብሎ ከጎላ ሠፈር እስከ መካኒሳ አስጎተተኝ። ግማሹን በጋሪ፣ ግማሹን በእግር። ጫማዬ አፈር ጠገበ።

ቦታ ተብዬው ጨፌ ነው። ክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ በጋ ይደርቃል። አሁን ተሰነጣጥቆ የከብት ኮቴ ታትሞበታል። የአማቴ ርስት ይሄ ነው! ከአባቷ የወረሰችው። ሲወራ የሰማሁት ግን የአንድ አውራጃ ያህል ነበር።

ቦጋለ ኮቱን አውልቆ በእርምጃ ይለካል። «እዚህ ሳሎን። እዚህ ጓዳ። እዚህ መኝታ ቤት።» ከዚያ አንድ ጥግ ላይ ቆመ። «እዚህ ደግሞ የልጆች…» አለና ዋጠው። ሴትዮዋ ጥላዋን እንደያዘች ሳለች። ጉንፋን የለባትም።

ሴትዮዋ የምለው አማቴን ነው፣ ወይዘሮ ተሾመችን። ፊት ለፊት «እትዬ» እላታለሁ። እዚህ ግን ማን ሊያየኝ?

ከተጋባን ሰባት ዓመት። ልጅ የለም። ለሰው ሁሉ ወሬ ነው፣ ለኔ ደግሞ… ተይው።

ነገ ጠዋት ስልክ ቤት ገብቼ «ሃሎ፣ ማንን ላገናኝ?» እላለሁ። ከዚህ ጨፌ ሆኜ እንዴት ልመላለስ ነው? ስጠይቀው «እግዜር ያውቃል» አለኝ። ጋሪውን የሚነዳው እግዜር ይመስል።

የካቲት 3

ግንበኛው መጣ። ግንበኛ ይባል እንጂ ጭቃ ረጋጭ ነው። ጉርሜሳ። ለምርጊት የሚሆነው ቀዩ አፈር ላፍቶ ኮረብታው ላይ ነው ያለው፣ በአህያ ይጫን አለ። ቦጋለ ሳቀበት። «እግራችን ሥር አፈር ሞልቶ አህያ ልከራይ?»

ጉርሜሳም ወዲያው «እሱም ጥሩ ነው» አለ። ምን አስጨነቀው? እሱ አይኖርበት።

የጨፌውን ሆድ ቆፍረው አወጡት። ጥቁር ነው፣ ሥራሥር የበዛበት። አንዱን ጓል ፈርፈር አደረግኩት። ደቃቅ ጥቋቁር ፍሬ ሞልቶበታል፣ ጤፍ የሚያህል። «ይሄ ምንድነው?» አልኩ። «የሣር ዘር ይሆናላ፣ ይበሰብሳል» አለ ጉርሜሳ። ቦጋለ ደግሞ «አንቺ ሁሉንም ነገር ካልለቀምሽ አይሆንልሽም!»

ጭድ ጨምረው ያቦኩት ጀመር። ቦጋለም ሱሪውን ሰብስቦ ገባበት። የሚኒስቴር ጸሐፊ! ቅልጥሙ እንዴት ቀጫጫ ነው። ፀሐይ ላይ ሳየው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው መሰለኝ።

ቦይም አስቆፍሯል፣ የክረምቱ ውሃ ወደ ወንዝ እንዲወርድ። «ከእንግዲህ ጨፌ የሚባል የለም» ይላል። ወንዝ የገደበ ሰው አነጋገር።

መጋቢት 20

ጭቃው ይሸታል። ቦጋለም ይሸታል።

ሚያዝያ 8

የፋሲካ ሰሞን። አስረስ መጣ፣ የቦጋለ አጎት፣ የሟች አባቱ ወንድም። የበጉን ጎድን እየጋጠ «ቤት እየተሠራ ነው። ደግ። ቤቱ ግን ለማን ነው?» አለ። ጓዳ ሆኜ ነው የሰማሁት። እንድሰማም ነው የተናገረው።

ላፍቶ አንዲት የጨዋ ልጅ አለች። እናቷ ወንድ ብቻ ስምንት ወልዳለች። ዘሯ የታወቀ ነው። እንዲህ እያለ… ጊደር የሚገዛ ነው እንጂ ለወንድሙ ልጅ ሚስት የሚያጭ አይመስልም። ቦጋለ «እንዴ ጋሼ…» አለ። በቃ። ሚስቱን የተከላከለው በዚህ ነው። «እንዴ ጋሼ።»

ሴትዮዋም ዝም። እሷ ዝም ካለች ተስማምታለች ማለት ነው። በሌላ ነገር መቼ ዝም ብላ ታውቃለችና?

አስረስ ሲወጣ «እስከ እንቁጣጣሽ ቁርጡን ንገሪኝ» አላት። ቁርጡን። እኔ ሥጋ ነኝ?

ግንቦት 11

ዛሬ ቤቱ ተመረቀ። ሴትዮዋም እዚያው ጨፌ ዳር ያለ አሮጌ ጎጆዋን ትታ አብራን ልትኖር ነው። እንኳን ደስ አለኝ።

የነፍስ አባቷ ጠበል ይዘው መጡ። ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፣ በመጠኑ ረጭተው ሊጨርሱ ነበር። ሴትዮዋ ግን ከኋላ ከኋላ «እዚህም አባ! ይቺም ጥግ ትድረሳት!» መኝታ ቤታችን ሲደርሱ ማሰሮውን ተቀብላ የአልጋችንን ራስጌ ግድግዳ አረሰረሰችው። ምርጊቱ ገና በቅጡ አልደረቀም። «ይብቃው ወይዘሮ ተሾመች፣ ብርድ ይመታዋል» አሉ አባ። የሳቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘውን ቄጠማ ያመጣችው ሞልቱ ናት። ከጨፌው ማዶ ነው ቤቷ። በዓል በመጣ ቁጥር ከጨፌው አጭዳ ከተማ ወስዳ ትሸጣለች። ዛሬ ከወንዝ ዳር ለቃቅማ ነው ያመጣችው። ሸክሟን አውርዳ ቦዩን አየችው።

«ውሃውን ወዴት ልትልኩት ነው?»

«ወደ ወንዝ» አለ ቦጋለ።

«የኔስ ቄጠማ?»

«ጓሮሽ ዝሪያ!»

ተናዳ ሄደች። በሣር የሚጣሉ ሰዎች መሃል ገባሁ ማለት ነው። ጎላ ሠፈር ሰው ቢያንስ በቧንቧ ነበር የሚጣላው።

ሰኔ 6

ግድግዳው ፂም አወጣ።

ቀልዴን አይደለም። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ አልጋው ራስጌ ላይ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብቅ ብሏል፣ እንደ ጎረምሳ ፂም ሳሳ ያለ። ቦጋለ አየና ደነገጠ። «ውሃ አፍስሰሻል?» አለኝ። እኔ! ግድግዳ ላይ!

ተንጠራርቶ ነጨው። ሰው እንዳያይበት ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ሥራ ሄደ።

ሰኔ 9

በቀለ። ነጨ። በቀለ። ኖራ ቀባበት። በኖራው መሃል ብቅ አለ፣ እንዲያውም ያምርበታል። ይሄ ሰውዬ ከሣር ጋር ተጣልቶ እየተሸነፈ ነው።

ሰኔ 13

ሴትዮዋ ደረሰችበት። አንሶላ ልሰጥሽ ብላ ገባች፣ ውሸቷን ነው፣ አልጋችንን ልትሰልል ነው። ግድግዳውን አየች። ቀረብ ብላ አንዷን ቅጠል በጣቶቿ አሸት አደረገቻት። አሸተተቻት። ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

ከዚያ ምን እንደነካት እንጃ፣ እልልታዋን አቀለጠችው! «ጠበል የነካው ነው! ጠበል የነካው ግድግዳ አበቀለ!»

ሠፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። «ደረቅ ጭቃ ያለመለመ ጌታ…» አለችና ሆዴን አየች። ሁሉም ሆዴን አየ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን አለ? መሬቷ ግን ተቆፍራ ግድግዳ ሆናለች።

ማንም እንዳይነቅል ከለከለች። ቦጋለ «እሺ እማዬ»። ፂሙን የሚላጭ ሰውዬ «እሺ እማዬ» ሲል… ወይ ጉዴ።

ሰኔ 25

ሴቶች ይመጣሉ። ጫማቸውን ደጅ አውልቀው መኝታ ቤቴ ገብተው አልጋዬ ላይ ወጥተው ግድግዳ ይሳለማሉ። ዛሬ አንዷ ትራሴን ረገጠች። ይቅርታ እንኳ የለም። ለተአምር የመጣ ሰው ትራስ አይታየውም።

አባን ጠየቋቸው። «እኔ ተአምር ነው አላልኩም። ጭቃው ከየት ነው የመጣው?» አሉ። ማንም አልሰማቸው። እዚህ ሠፈር እውነት የተናገረ ሰው ጉሮሮውን የጠረገ ነው የሚመስላቸው።

ሞልቱም መጣች። አልተሳለመችም። ወገቧን ይዛ ቆማ አየች፣ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«ጨፌው ራቁቱን ቀረ ስል፣ ለካ ቄጠማዬ እዚህ ገብቷል።»

«ውሰጂዋ» አልኳት።

«ለእንቁጣጣሽ ምን ልሽጥ? ግድግዳሽን?»

ቦዩን ያስቆፈረው ቦጋለ፣ የሚጮኸው እኔ ላይ። ስትሄድ ግን ወጥቼ አየሁት ጨፌውን። ሰኔ እያለቀ ውሃ የለበትም። የወረደውን ሁሉ ቦዩ ይጠጣዋል። እንቁራሪት እንኳ አይጮህም። እውነቷን ነው… ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?

ሐምሌ 3

ነገሩን ማወቅ ፈለግኩ። አይ፣ ማወቁንስ አውቄዋለሁ። ማሳየት ነው የፈለግኩት።

ጉርሜሳ የተረፈውን የጨፌ አፈር ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ከምሮት ሄዷል። ጠበል አልነካው፣ ዝናብ አልነካው። ድንጋይ ሆኗል። አንዱን ጓል በጋዜጣ ጠቅልዬ ስልክ ቤት ወሰድኩ። ትልቁን የሳልሳ ጣሳ አጥቤ እሱን ከተትኩበት፣ ከቧንቧ ውሃ ሞላሁበት፣ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት።

አጠገቤ የምትሠራው ዚነት «ምን ልትዘሪ ነው?» አለችኝ።

«ተአምር» አልኳት።

ሐምሌ 17

በቀለ!

መጀመሪያ እንደ መርፌ ቀጭን ነበር። ዛሬ ግንዱ ማዕዘን አውጥቷል፣ ቄጠማ ነው፣ ራሱ ነው። ከሥሩ ደግሞ ውሃው ላይ የተኛ ትንሽ ክብ ቅጠል አለ። ስሙን አላውቀውም። በጋውን ሙሉ እዚያ ድንጋይ ውስጥ ተኝተው ውሃ ሲጠብቁ ነበር። ምን ያህል በጋ? ማን ያውቃል፣ ምናልባት ከኔ የሚበልጡ ይኖራሉ። ቄስ የለ፣ ጠበል የለ። የማዘጋጃ ቤት ውሃ!

እንዲያ ድርቅ ባለ ነገር ውስጥ ይሄ ሁሉ መኖሩ… ምን እያልኩ ነው? ዋናው ነገር፣ ሴቶቿ ሁሉ በተሰበሰቡበት ሴትዮዋ ፊት ነው የማስቀምጥላት። ያኔ እልል ትበል እስቲ።

ሐምሌ 26

አስረስ መጣ። እስከ እንቁጣጣሽ ያለውን ራሱ አልጠበቀም። የልጅቷ ወንድሞች አጣደፉኝ ይላል። ቦጋለ ጥፍሩን ይበላል፣ ሌላ ሥራ የለውም።

ሴትዮዋ የአስረስን ክንድ ይዛ መኝታ ቤቴ ወሰደችው። በር ላይ ቆሜ አየሁ። «እየው! ከአልጋቸው ራስጌ ነው። እግዜር እዚህ ቤት ምልክት ሰጥቶ አንተ ሌላ ሚስት ታመጣለህ? መዓቱን በልጄ ላይ ልታወርድ ነው?»

አስረስ ባርኔጣውን አወለቀ። ፊቱ አመድ መሰለ። «እንግዲያስ… ለጊዜው ይቆይ። እንቁጣጣሽ መጥቼ አየዋለሁ» ብሎ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ወጣ።

ሁለት ጅሎች። አንዷ ሌላውን አስፈራራች።

የሚገርመው ግን ዛሬ እራት በላሁ። ጠግቤ ከበላሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

ነሐሴ 12

ዝናቡ አልለቅ አለ። ቦጋለ የኮራበት ቦይ በደለል ተደፈነ። ውሃው ተመልሶ ጨፌው ሞላ፣ ደጃችን ደርሷል። እንቁራሪቱም ተመለሰ። አንዱ ቦጋለ ጫማ ውስጥ ተገኘ። ደግ አደረገ።

የመኝታ ቤቱ ግድግዳ አብጧል። ሥሩ ገብቶ ምርጊቱን እየፈለቀቀው ነው። ቦጋለ «እማዬ፣ ይነቀል፣ ቤቱ ሊወድቅ ነው» አላት።

«ይውደቅ» አለች።

ይውደቅ! ለሣር ብላ የልጇን ቤት የምትጥል! እሱም በግንድ ደገፈው። ለእናቱም እንዲህ ድጋፍ ቢፈልግላት።

ነሐሴ 15

ወደቀ። ከምሳ በኋላ ሁላችንም ሳሎን ሳለን ነው። የጠገበ ሰው ግሳት የመሰለ ድምፅ አሰማና ዘጭ አለ። አልጋዬ ከነአንሶላው ጭቃ ለበሰ። ማንም አልተጎዳም።

ቦጋለ ቆሞ አለቀሰ። አዘንኩለት? ትንሽ። በእግሩ ያቦካው ነው።

ሦስታችንም ሴትዮዋ አሮጌ ጎጆ ገባን።

ነሐሴ 24

ጣሳውን ይዤ መጣሁ። በአውቶቡስ እስከ ሜክሲኮ፣ ከዚያ በጋሪ፣ በጉያዬ አቅፌ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ሴቶቹ በተሰበሰቡበት ያልኩት አልሆነም፣ በዝናብ ማን ይመጣል? ብቻዋን ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ይሁን። ፊቷ አስቀመጥኩት።

«እትዬ፣ ይሄን ያበቀልኩት ስልክ ቤት ነው። በቧንቧ ውሃ። ቄስ አልመጣም።»

ጣሳውን አየችው። ጣቷን አፈሩ ውስጥ ከተተች።

«ጣሳው ጠቦታል» አለች። «ለማን አሳየሽ?»

«ለማንም። ዚነት ብቻ ናት ያየችው።»

«ዚነት አስረስን ታውቀዋለች?»

«የት ታውቀዋለች?»

«ጎሽ» አለችና ባቄላዋን ቀጠለች።

«አልገባዎትም መሰለኝ። ተአምር አይደለም እኮ ነው የምልዎት!»

«አንቺ ልጅ፣ የተወለድኩት እዚህ ጨፌ ዳር ነው። ቄጠማ ከጭቃ እንደሚበቅል ስልክ ተደውሎ ይነገረኝ?»

«ታዲያ እልልታው?»

«አስረስን በምን ልመልሰው ኖሯል? ባንቺ ኩርፊያ?»

አፌ ተያዘ። የኔ አፍ!

ከዚያ ቀና ሳትል ነገረችኝ። ከቦጋለ አባት በፊት ሱሉልታ አግብታ ነበር። ልጅ ዘገየ። አማቷ አንድ ቀን ሌላ ሙሽራ አስገባችባት። «ጨርቄን በአገልግል አድርጋ በክረምት ሰደደችኝ። እዚህ ስደርስ ጨፌው ሞልቷል። ማዶ ቆሜ አባቴን ተጣራሁ፣ በዝናቡ አልሰማኝም።» ባቄላው ከእጇ ላይ ይወርዳል። «ለኔ የሚያበቅልልኝ ግድግዳ አልነበረኝም።»

«ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?»

«ውሸት መች ትችዪና? ፊትሽ ሁሉን ያወራል። አንቺ እንደ ጅል ስታዪኝ አስረስ አይቶሻል። ያኔ ነው ከልቤ ማመኔን ያመነው።»

ታውቅ ነበር። እንደምንቃት ይሄን ሁሉ ጊዜ ታውቅ ነበር። እሱንም ለኔ አዋለችው። ምን ብዬ ልጻፍ? አፈርኩ። ከሷ ጋር ቁጭ ብዬ ባቄላ ፈለፈልኩ።

ጳጉሜን 3

ቦጋለ አካፋ ይዞ ተነሣ፣ ቦዩን እንደገና ልክፈት ብሎ።

«ነክተህ እየኝ!» አልነው፣ ሁለታችንም ባንድ አፍ። አካፋውን አስቀመጠ።

መስከረም 1 ቀን 1956

እንቁጣጣሽ። የጨፌው ቄጠማ ወገብ ይደርሳል። ሞልቱ ስንት ሸክም ከተማ አመላልሳ ሸጠች። ለኛም አንድ ትልቅ እስር ደጃችን ጣለች፣ «የግድግዳው ነው» ብላ። ዛሬ ሳቋ ደስ አለኝ።

አስረስ ቁርጡን ሊሰማ መጣ። የፈረሰውን ግድግዳ አየ። «ታዲያ ተአምሩስ? ወደቀ እኮ!» ፊቱ በራ። የዘመዱ ቤት ወድቆ ፊቱ የሚበራ ሰው። ቦጋለ ጥፍሩን ጀመረ። እማዬ አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣም። እሷ ቃል ስታጣ ዛሬ ገና አየሁ።

ተነሣሁ። ጓዳ ገብቼ ጣሳውን አመጣሁ፣ በነጠላዬ ጫፍ ሸፍኜ፣ በሁለት እጄ።

«ጋሼ፣ ሁሉም ሲወድቅ ይቺ ተረፈች። ስንገልጣት ለምልማ አገኘናት።»

ፊቴ እንዳያወራ መሬት መሬቱን አየሁ። አስረስ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ጎንበስ ብሎ ሳማት። የሳልሳ ጣሳ ሳመ! ቲማቲሙ የተሳለበት ላይ!

«እግዜር ካለማ እኔ ማነኝ» አለ። የላፍቶዋን ልጅ ለሌላ እንዲድሯት ሊነግራቸው ነው። ከዚያ ምሳውን በላ፣ ያውም በደንብ።

እማዬ እልልታውን ለቀቀችው። ወዲያው ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ወደ ጓዳ ሮጠች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አስረስ «ከደስታ ብዛት ነው» ይለዋል ለቦጋለ። ተከትዬ ገባሁና በሩን ዘጋሁት። እርስ በርስ ተያይዘን እስኪያመን ሳቅን።

«ጎሽ ልጄ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ቻልሽበት።»

«ካንቺ ተምሬ ነው እማዬ» አልኳት።

ልጅ ይምጣ አይምጣ እንጃ። ነገ ቄጠማውን ሰፋ ወዳለ ዕቃ እናዛውረዋለን። ጣሳው ጠቦታል።